ሸራ ሥር የተነሱ የዕቃ ፎቶዎችን በሲኤስኤስ ፊልተር ማስተካከል ይቻላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የጠያቂዋ አባት ለገጣፎ መውጫ ላይ የቤት ዕቃ ይሠራሉ፤ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥን። ድረ ገጹን የሠራችላቸው እሷ ናት። ፎቶዎቹ የሚነሱት ግቢው ላይ በተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ሥር ስለሆነ ጨለም ይላሉ፣ ወደ ሰማያዊም ያደላሉ። እሷም ብራይትነስ (ብርሃን) 1.4፣ ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) 1.2፣ ሴፒያ (ቡናማ ቅብ) 0.3 ብላ በሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ በሚወስነው ቋንቋ፣ ፊልተር ልታስተካክል ሞከረች። ነጩ የሶፋ ጨርቅ ሽመናው ጠፍቶ ወረቀት መሰለ፤ የዋንዛው ቡፌ ብርቱካናማ ሆነ፤ ገጹ በርካሽ ስልክ ሲከፈት ይንቀራፈፋል፤ ከታች ቆሞ መቅረት የነበረበት «ይደውሉ» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ከገጹ ጋር አብሮ ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። «የትኛውን ቁጥር ልቀይር?» ትላለች።

እህቴ፣ ከሦስቱ ቁጥሮች የትኛውንም ብትቀይሪ የምትፈልጊው አይመጣም። የመረጥሻቸው ፊልተሮች ራሳቸው ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው፤ ከዚያ በኋላ የቱ በፊልተር፣ የቱ በካሜራ እንደሚፈታ ራስሽ ትለይዋለሽ።

ከብራይትነስ እንጀምር። እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ብራይትነስ ሦስቱንም በሰጠሽው ቁጥር ያባዛል፣ ከዚያ ሌላ ሥራ የለውም። ከ255 ያለፈው ይቆረጣል። አሁን የሶፋሽን ጨርቅ ውሰጂ። ክሩ ብርሃን ያገኘበት ቦታ 230 ነው እንበል፤ በክሮቹ መሐል ያለው ጥላ 190። በ1.4 ሲባዙ 322 እና 266 ይሆናሉ፤ ሁለቱም ከጣሪያው በላይ ስለሆኑ ሁለቱም 255 ሆነው ይቀራሉ። በክሩና በጥላው መካከል የነበረው ልዩነት ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ጨርቁ ወረቀት የመሰለው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ፊልተር የተቆረጠውን አይመልሰውም።

ኮንትራስት ደግሞ መሐሉን፣ ማለትም 127.5ን፣ እንደ ምሰሶ ይዞ ከሱ በላይ ያለውን ወደ ላይ፣ ከሱ በታች ያለውን ወደ ታች ይገፋል። የቡፌው ጠርዝ ላይ ያለ 60 የሆነ ጥቁር ቡናማ፣ ብራይትነስ ወደ 84 ካወጣው በኋላ ኮንትራስት 1.2 መልሶ ወደ 75 ያወርደዋል። ካገኘሽው 24 ውስጥ 9ኙን በዚያው መስመር ከፈልሽ። ነጩን አቃጥለሽ ጥቁሩን ግን ብዙም አላወጣሽውም። በነገራችን ላይ አባትሽ ወይም ሠራተኞቹ ፎቶው ውስጥ ከገቡ ይህ ነገር ጎልቶ ይታያል። የእኛ ሰው ፊት በጥላ ውስጥ ሲነሳ አብዛኛው ከ127 በታች ነው የሚውለው፤ ኮንትራስት በጨመርሽ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል፣ የዓይኑ ዙሪያ ይጠፋል። ሁሉንም ፎቶ በአንድ የኮንትራስት ቁጥር የሚያስኬድ ድረ ገጽ ላይ ሠራተኞች እንደ ጥላ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ።

ቅደም ተከተሉም ለውጥ አለው። ፊልተሮች ከግራ ወደ ቀኝ በተጻፉበት ተራ ነው የሚሠሩት። 100 የሆነ ፒክስል ብራይትነስ 1.2 ቀድሞት ኮንትራስት 1.2 ሲከተል 118.5 ይሆናል፤ ተራውን ብትገለብጪው 113.4። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሠላሳ ምርት ጎን ለጎን ሲደረደር ዓይን ይይዘዋል።

ታዲያ ጨለማውን ማውጣት፣ ነጩን ግን አለማቃጠል እንዴት ይቻላል? ጋማ በሚባለው። ሲኤስኤስ ለጋማ የራሱ አጭር ቃል የለውም፤ ኤስቪጂ (በኮድ የሚጻፍ የምስል ፎርማት) ግን አለው፣ ሲኤስኤስም ኤስቪጂን በዩአርኤል መጥራት ይችላል። ገጹ ውስጥ አንድ ትንሽ ኤስቪጂ ታስገቢያለሽ፤ በውስጡ የፊልተር ታግ፣ በዚያም ውስጥ «ኤፍኢ ኮምፖነንት ትራንስፈር» የሚባለውን፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ የፈንክሽን ታግ ታደርጊና ታይፑን ጋማ፣ ኤክስፖነንቱን 0.8 ትይዋለሽ። ከዚያ በሲኤስኤስ ፊልተር ላይ ዩአርኤል ብለሽ በቅንፍ ውስጥ ሃሽና የፊልተሩን አይዲ ትጽፊያለሽ። ውጤቱን ተመልከቺ፦ 60 የነበረው ወደ 80 ይወጣል፣ 190 የነበረው 202 ይሆናል፣ 230 የነበረው 235። ጥቁሩ ከ84 ብዙም ያልራቀ ብርሃን አገኘ፤ የክሩና የጥላው ልዩነት ግን አሁንም 33 ነው፣ ሽመናው ይታያል። ምክንያቱ ጋማ 0ንና 255ን ከቦታቸው ስለማያነቃንቅ ነው፤ የሚያነሳው መካከሉን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ኤስቪጂ ፊልተር ካልነገርሽው በቀር ሒሳቡን የሚሠራው በሊኒየር አርጂቢ (በብርሃኑ ትክክለኛ መጠን) ነው፤ የሲኤስኤሶቹ አጭር ፊልተሮች ግን በኤስአርጂቢ (እስካሁን ባሰላንባቸው የተለመዱ የስክሪን ቁጥሮች)። ስለዚህ ያው 0.8 የተለየ ውጤት ይሰጥሽና «ቁጥሩ አልሠራም» ትያለሽ። ፊልተር ታጉ ላይ «ከለር ኢንተርፖሌሽን ፊልተርስ» የሚለውን ኤስአርጂቢ አድርጊው። ሁለተኛው፣ ኤስቪጂው ገጹ ላይ ቦታ እንዳይዝ ብለሽ በ«ዲስፕሌይ ነን» (display: none) አትደብቂው። አንዳንድ ብሮውዘር ላይ ፊልተሩ አብሮ ይጠፋል፣ ባስ ሲልም ፎቶው ራሱ አይታይም። ስፋቱንና ቁመቱን 0 አድርገሽ ፖዚሽኑን አብሶሉት በይው፤ ይበቃል።

ወደ ሰማያዊው እንምጣ። ሴፒያ ሰማያዊን አያነሳም። ሁሉንም ቀለም በቡናማ ነው የሚበርዘው፤ ሰማያዊውም ሳይወጣ እንጨቱም ነጩም በአንድ ላይ ቡናማ ይለብሳሉ። በዚያ ላይ የሴፒያ ማትሪክስ የቀዩ ረድፍ ሲደመር ከ1 በላይ ነው፣ 1.351። ማለትም ቀዩን ያበዛል። ቀድሞውኑ ቀይ የበዛበት ዋንዛ ብርቱካን ባይሆን ነበር የሚገርመው። ሂዩ ሮቴት የሚባለውን ቀለም የሚያዞር ፊልተርም ለዚህ አትሞክሪው፤ ሰማያዊውን ሲያዞር ቀዩንም አረንጓዴውንም አብሮ ያዞራል።

የሸራ ቀለም የሚወጣው ሦስቱን ቻናል፣ ማለትም ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን፣ ለየብቻ በማባዛት ነው። ፎቶው ውስጥ ነጭ መሆኑን በእርግጠኝነት የምታውቂው ነገር ያስፈልግሻል። ከእያንዳንዱ ቡድን የመጀመሪያውን ፎቶ ስታነሺ አንድ ባዶ ነጭ ወረቀት ከዕቃው ጎን አስቀምጪ። ፎቶውን ከፍተሽ ወረቀቱ ላይ ቀለም መልቀሚያ ብታሳርፊ ለምሳሌ ቀይ 182፣ አረንጓዴ 204፣ ሰማያዊ 226 ታገኛለሽ። ነጭ ወይም ግራጫ ማለት ሦስቱ እኩል የሆኑበት ነው፤ ሸራው ሰማያዊውን አብዝቶ ቀዩን አሳንሶታል። አረንጓዴውን መለኪያ አድርጊና 204ን ለ182 አካፍዪ፣ 1.12፤ 204ን ለ226 አካፍዪ፣ 0.90። እነዚህ ናቸው የቀዩና የሰማያዊው አባዦች። ኤስቪጂው ውስጥ ከጋማው በፊት ሌላ ኮምፖነንት ትራንስፈር ጨምረሽ ታይፑን ሊኒየር፣ ስሎፑን ለቀይ 1.12፣ ለሰማያዊ 0.90 ብትይው ወረቀቱ ሦስቱም ቦታ 204 አካባቢ ይሆናል። 120፣ 86፣ 72 የነበረው ዋንዛ ደግሞ 134፣ 86፣ 65 ይሆናል። ሙቀቱ ይመለሳል፣ ትራሱ ግን ቢጫ አይለብስም።

ይህን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ፣ እኔ ብሆን በፊልተር አላደርገውም።

ምክንያቴ የቴክኒክ ብቻ አይደለም። ፊልተር ፎቶውን አይነካውም፤ ብሮውዘሩ ስክሪን ላይ ሲስለው ብቻ የሚያለብሰው ልብስ ነው። ደንበኛሽ ቡፌውን ወደደችው እንበል። ምን ታደርጋለች? ፎቶውን ጫን አድርጋ ታስቀምጥና በቴሌግራም ለባሏ፣ ለእህቷ ትልካለች። የሚሄደው ግን ዋናው ፋይል ነው፣ ሰማያዊውና ጨለማው። ሊንኩን ብትልከውም ቴሌግራም ቅድመ እይታ አድርጎ የሚያሳየው ያንኑ ዋናውን ፎቶ ነው። አንድ ቡፌ ሁለት ቀለም ይዞ ቤተሰብ መሐል ገባ ማለት ነው። ከዚያ ዕቃው ቤት ሲደርስ «ያየሁት ይህን አይደለም» የሚል ነገር ይመጣል፣ ተመላሽ የሚያደርጉትም አባትሽ ናቸው። ለሚሸጥ ዕቃ ቀለም የገጽ ማስዋቢያ አይደለም፣ የዕቃው መግለጫ ነው። እሱ መስተካከል ያለበት ፋይሉ ላይ ነው።

የፋይሉም ሥራ ከባድ አይደለም። ስልክ ላይ ስናፕሲድ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ውስጥ ዋይት ባላንስ የሚለው አለ፤ በመልቀሚያው ነጩን ወረቀት ስትነኪ ከላይ የሠራነውን ዓይነት ማመጣጠን በአንድ ንክኪ ይሠራልሻል። ኮምፒውተር ካለሽ ጂምፕ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ያደርገዋል። ፎቶው ብዙ ከሆነና ትዕዛዝ መጻፍ ካልከበደሽ ኢሜጅማጂክ ሙሉ ፎልደሩን አንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዕቃውን ከሸራው ማውጣት ነው። ቡፌ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ለማድረቅና ለመጫን መውጣቱ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ይነሳ። እኩለ ቀን ላይ አይሁን፤ የእኛ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ቫርኒሹ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ትጥላለች፣ እሱን ምንም ፊልተር አያነሳውም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ተኩል፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ የግቢው ግድግዳ በሚጥለው ጥላ ውስጥ ሰማዩ ክፍት ሆኖ ይነሳ። ግድግዳው የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ዕቃው ላይ እንዳያርፍ ትንሽ አራቂው። ስልኩም ላይ ነጩን ጨርቅ ነክተሽ ብርሃኑን ቀንሰሽ አንሺ፤ የጨለመ ይወጣል፣ የተቃጠለ ግን አይመለስም።

አሁን ወደ «ይደውሉ» ቁልፍ። ፊልተሩን የጻፍሽው ፎቶዎቹ ላይ ሳይሆን ሁሉንም ነገር የያዘው ዲቭ (የገጹን ክፍሎች የሚሰበስብ ሳጥን) ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። «ነን» (none፣ ምንም) ከሚለው ውጭ የሆነ ማንኛውም ፊልተር ያረፈበት ኤለመንት ውስጡ ላሉት፣ ቦታቸው አብሶሉት ወይም ፊክስድ (ስክሪኑ ላይ የሚቆም) ለተባለ ልጆች አዲስ የቦታ ማጣቀሻ ይሆናል። ፊክስድ ያልሽው ቁልፍ ከስክሪኑ ጋር መጣበቁን ትቶ ከዲቩ ጋር ይጣበቃል፤ ዲቩ ሲንሸራተት እሱም ይሄዳል። የሚያስገርመው ብራይትነስ 1 ብትይው እንኳ፣ ማለትም ምንም ለውጥ ባይኖር፣ ይኸው ይሆናል። ዜድ ኢንዴክስሽም (የትኛው ከላይ እንደሚደረብ የሚወስነው ቁጥር) ከተመሰቃቀለብሽ በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ፊልተር የራሱን ስታኪንግ ኮንቴክስት፣ ማለትም የተለየ የመደራረብ ተራ፣ ይፈጥራል። ፊልተሩን ከዲቩ አንሺና ኢሜጅ ታጎቹ ላይ ብቻ አድርጊው፤ ቁልፉ ያኔውኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ደግሞም ዲቭ ላይ ሲሆን ጽሑፉንም ዋጋውንም አብሮ ያጣራል፤ የዋጋው ቀለም ከደበዘዘብሽ ከዚያ ሳይሆን አይቀርም።

አጻጻፍ ላይ ሦስት ነገር ልጨምር፣ ቶሎ ቶሎ። በፊልተሮቹ መሐል ኮማ አይገባም፣ ባዶ ቦታ ብቻ፤ ኮማ ካለ መስመሩ በሙሉ ይጣላል። ለአንድ ኤለመንት ሁለት የፊልተር መስመር ብትጽፊ አይደመሩም፣ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽረዋል፤ ሆቨር (ማውስ ሲያርፍበት) ላይ ብለር፣ ማለትም ማደብዘዣውን፣ ብቻ ስትጽፊ ብራይትነሱ የሚጠፋው ለዚህ ነው፣ ሙሉውን ዝርዝር ድገሚው። ትራንዚሽን (ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ መቀየር) ለስላሳ እንዲሆን ደግሞ ሁለቱም ዝርዝር አንድ ዓይነት ፊልተር በአንድ ዓይነት ተራ ይያዙ፤ አለዚያ ዘሎ ነው የሚቀየረው።

መንቀራፈፉ ሁለት ምንጭ አለው። ትልቁ ፊልተሩ አይደለም፣ የፎቶው ክብደት ነው። ከስልክ እንደወረደ 4 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ በሲኤስኤስ ስፋቱን 300 ፒክስል ብታደርጊውም የሚወርደው 4 ሜጋባይቱ ነው፤ ፊልተርም ከሱ ላይ አንዲት ባይት አይቀንስም። የሚከፍለው ደንበኛው ነው፣ ከፓኬጁ። ስፋቱን 1,200 ፒክስል አካባቢ አድርገሽ በዌብፒ (ቀላል የፎቶ ፎርማት) አስቀምጪው፤ ከታች ያሉት ፎቶዎች ላይ ሲደረስባቸው ብቻ እንዲወርዱ የሚያደርገውን ሎዲንግ ሌዚ ጨምሪበት። አብዛኛው ቅሬታ በዚህ ይጠፋል።

ሁለተኛው፣ ገጹ ላይ ከተጠቀምሽበት፣ ብለር ነው። ብራይትነስ፣ ግሬይስኬል፣ ሴፒያ እያንዳንዱን ፒክስል ለብቻው ስለሚያሰሉ ለጂፒዩ (ምስል ለሚስለው የስልኩ ክፍል) ቀላል ናቸው። ብለር ግን ለአንድ ፒክስል ጎረቤቶቹን ሁሉ ማየት አለበት። የሰጠሽው ቁጥርም የድብዘዛው ዳር አይደለም፣ የጋውሲያኑ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም የስርጭቱ መለኪያ፣ ነው፤ 20 ፒክስል ስትይው ድብዘዛው ከዚያ ርቆ ይደርሳል። ገጹ አናት ላይ ያለው ባነር ሙሉ ስክሪን ይዞ ብለር 20 ከሆነ፣ ትንሽ ሜሞሪ ያለው ቴክኖ ወይም አይቴል ላይ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ባነሩ ሁልጊዜ ደብዛዛ ከሆነ ለምን በየጊዜው ይሰላል? ፎቶውን 40 ፒክስል ስፋት ያለው ፋይል አድርጊና በሲኤስኤስ ወጥሪው፤ መወጠሩ ብቻ ያደበዝዘዋል፣ ፋይሉም ኢምንት ነው። በብለር ከቀጠልሽ ደግሞ ዳሩ ላይ የሚወጣው ነጭ ጭጋግ የሚጠፋው ፎቶውን በኦቨርፍሎው ሂደን (የተረፈውን በሚደብቅ) ሳጥን ውስጥ አድርገሽ ስኬሉን (መጠኑን) 1.1 ስታደርጊው ነው።

ፊልተርን ጣይው እያልኩሽ አይደለም። የፎቶው እውነት ሳይነካ የገጹ ሁኔታ በሚቀየርበት ቦታ እሱን የሚተካ የለም። ሌሊት ጥቁር ገጽ ለሚጠቀም ሰው ፎቶዎቹን ብራይትነስ 0.85 ማድረግ ዓይን ያሳርፋል። ባነር ፎቶ ላይ ነጭ ጽሑፍ ስታሳርፊ ፎቶውን ብራይትነስ 0.6 ብታደርጊው ጽሑፉ ይነበባል፤ ጽሑፉ የፎቶው ልጅ ሳይሆን ጎረቤት ይሁን እንጂ፣ አለዚያ አብሮ ይጨልማል። ጀርባው ተቆርጦ የወጣ የወንበር ፒኤንጂ ፎቶ ካለሽ ድሮፕ ሻዶው የሚባለው ፊልተር የእግሮቹን ቅርጽ ተከትሎ ጥላ ይጥላል፣ ቦክስ ሻዶው ግን አራት ማዕዘን ሳጥን ነው የሚሠራልሽ። ድሮፕ ሻዶው ውስጥ ስፕሬድም (ጥላውን ማስፋት) ኢንሴትም (ወደ ውስጥ መጣል) እንደሌለ ብቻ እወቂ።

በጣም የሚያምረው ጥቅሙ ግን ለተሸጠ ዕቃ ነው። ፎቶውን ከገጹ ከማውጣት ይልቅ ተይው፣ ግሬይስኬል (ግራጫ ማድረጊያ) 1 እና ኦፓሲቲ (ድፍንነት) 0.6 ይሁን። አባትሽ ምን እንደሠሩ ይታያል፣ ገዢም ያንን ዓይነት ማዘዝ ይችላል። «ተሸጧል» የሚለውን ጽሑፍ ከፊልተሩ ውጭ አድርጊው፤ ውስጡ ከሆነ ቀይ ምልክቱ ግራጫ ይሆናል፣ ያውም ጥቁር ግራጫ፦ ግሬይስኬል ለቀይ የሚሰጠው ክብደት 0.2126 ብቻ ስለሆነ ንጹሑ ቀይ 255 ወርዶ 54 ይሆናል። ብዙዎች የሚያደርጉትን «ግራጫ ይሁን፣ ማውስ ሲያርፍበት ቀለም ይውጣ» የሚለውን ለምርት ገጽ ተይው። ደንበኞችሽ በስልክ ነው የሚገቡት፤ ስልክ ላይ ማውስ የለም፣ ዕቃው ሁሉ ግራጫ ሆኖባቸው ይወጣሉ።

የብሮውዘሮችን ድጋፍ በተመለከተ አትስጊ፤ ፊልተርን ፋየርፎክስ ከ2015፣ ክሮም ከ2016 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ ከፊቱ ዌብኪት የሚል ተጨማሪ ቃል ሳይጻፍ ይቀበሉታል። ኦፔራ ሚኒ ላይ ግን አይሠራም፣ ዳታ ለመቆጠብ እሱን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። እሱ ጋ የተሸጠውም ያልተሸጠውም ቡፌ አንድ ቀለም ነው የሚሆነው። ስለዚህ «ተሸጧል» የሚለውን ጽሑፍ በፊደል መጻፍ እንዳትረሺ፣ የደወለ ሁሉ የተሸጠውን እየጠየቀ አባትሽን ሥራ እንዳያስፈታቸው።